ብርዱን በአቅም መከላከል፦ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ በርካታ ክፍል ያለው ቤት እንዴት ይሞቃል?

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ብሂል ብርዱ ከየትኛው ወር እንደሚጀምር ያስታውሳል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ድረስ የአዲስ አበባ ሰማይ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ግን ምድር የያዘችውን ሙቀት የሚያግድ ደመና ስለማይኖር ቅዝቃዜው ይበረታል። ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኙት ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሰሚት፣ አያትና ቦሌ አራብሳ፣ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሚወርድባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። አርሶ አደሩ ይህን ብርድ ሽንብራውን በሚመታው ውርጭ ያውቀዋል፤ የከተማው ነዋሪ ደግሞ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ በሚረግጠው ሴራሚክ።

ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው ብርድን በመሸሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱና የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰዎች ከቀዝቃዛው የእንጦጦ ተራራ ወርደው በፍልውሃ ዙሪያ መስፈር የጀመሩት የሞቀውን ውሃና ለስለስ ያለውን አየር ወድደው ነበር። ይሁንና ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ቤቶች አብዛኞቹ ማሞቂያ የታሰበላቸው አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመኖሪያ ቤትና የጤና መመሪያ በቀዝቃዛ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳያንስ ይመክራል። ማሞቂያ የሌለው የብሎኬት ቤት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ይህን ልክ መጠበቅ ይቸገራል።

ብርዱ ሲበረታ በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ «የትኛው ማሞቂያ ይረክሳል?» የሚል ነው። መቅደም ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሙቀቱ በየት በኩል ይወጣል?

ቆርቆሮ ሙቀትን ፈጥኖ ያስተላልፋል። ርዝመቱም ወርዱም 4 ሜትር የሆነ፣ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ከውጭው አየር በ10 ዲግሪ እንዲሞቅ ቢፈለግ፣ በጣሪያው ብቻ ወደ 1000 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያመልጠዋል ተብሎ ይገመታል። ችፑድ ወይም ሌላ ጠንካራ ኮርኒስ ሲለብስ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚታሰረው አየር ይህን ብክነት ከግማሽ በታች ያወርደዋል። በሌላ አነጋገር ኮርኒስ ማልበስ አንድ አነስተኛ ማሞቂያ ገዝቶ ያለ ክፍያ እንደ ማሠራት ነው። በገበያ የሚገኘው ነጭ ፎም ከኮርኒሱ በላይ ቢነጠፍ የበለጠ ይጠቅማል። ጭድ መነስነስም ሙቀት ይይዛል፤ ሆኖም በኮርኒስ ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ስለሚያልፍ የእሳት አደጋ ያስከትላል፣ አይጥም ይስባል። ፎሙም ቢሆን ስለሚቀጣጠል ከገመድና ከአምፖል መራቅ አለበት።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የጎረቤቱ ሙቀት ይደርሰዋል፤ ብርዱ የሚጸናው በላይኛው ፎቅና በሕንፃው ማዕዘን ባሉ ቤቶች ነው። የላሜራ በርና መስኮት ባለበት ቤት በበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ በተጠቀለለ ጨርቅ ሊታገድ ይችላል፤ ወፍራም መጋረጃም ከመስታወቱ የሚመጣውን ቅዝቃዜ ይቀንሳል። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በስተደቡብ አዘንብላ ስለምትጓዝ በደቡብ በኩል ያለ መስኮት ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ነጻ ማሞቂያ ነው። መጋረጃውን ጠዋት ከፍቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መዝጋት ግድግዳውና ወለሉ የጠጡትን ሙቀት ለምሽት ያቆያል። ተከራይ ጣሪያ ሊያድስ ባይችልም ይህን ከማድረግ የሚያግደው የለም።

ቤቱ ከተከደነ በኋላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሒሳብ ይመጣል። በቀይ የሚግመው ባለ ዘንጉ፣ አየር የሚነፋውና በዘይት የተሞላው ራዲያተር በዋጋ በእጅጉ ይለያያሉ። ከ1 ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጡት ሙቀት ግን እኩል ነው። ስለዚህ «ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ» ተብሎ በውድ የሚሸጥ ተራ ሂተር ከርካሹ የተለየ ቁጠባ አያመጣም። ልዩነቱ በአጠቃቀም ነው፤ ባለ ዘንጉ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ወዲያው ያሞቃል፣ የሚነፋው የክፍሉን አየር ያፈጥናል፣ ባለ ዘይቱ ደግሞ ዘግይቶ ቢሞቅም ከጠፋ በኋላ ሙቀቱን ስለሚያቆይ ለመኝታ ክፍል ይስማማል።

አንድ ባለ 1500 ዋት ማሞቂያ በምሽት 4 ሰዓት ቢሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን 180 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሦስት ክፍል በሦስት ማሞቂያ ሲሞቅ ቁጥሩ 540 ይደርሳል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የሚጨምር በመሆኑና የመጨረሻው እርከን ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ስለሚጀምር፣ ያ ቤተሰብ በማሞቂያ ብቻ ወደ ከፍተኛው ዋጋ ይገባል፤ ምጣዱና ማቀዝቀዣው ገና ሳይቆጠሩ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እያደገ እንዲሄድ በመወሰኑ ያለፈውን ዓመት ሒሳብ ይዞ ማስላትም ያሳስታል።

አቅሙ ውሱን የሆነ ቤተሰብ ስለዚህ ሁሉንም ክፍል ማሞቅ አይጠበቅበትም። ምሽቱን አንድ ክፍል መርጦ በሩን ዘግቶ በዚያ መሰብሰብ ከሁሉ የቀለለ ነው። ተቀምጦ የሚያርፍ አዋቂ ሰው ወደ 100 ዋት የሚሆን ሙቀት ከገላው ስለሚያመነጭ፣ በአንድ ክፍል የተቀመጡ አምስት ሰዎች ራሳቸው እንደ አነስተኛ ማሞቂያ ይቆጠራሉ። በመኝታ ሰዓት ደግሞ ክፍሉን ሳይሆን አልጋውን ማሞቅ ያዋጣል። በላስቲክ ከረጢት የሚሞላ 2 ሊትር የሞቀ ውሃ ለማዘጋጀት 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ይበቃል፤ ማሞቂያው ሌሊቱን 8 ሰዓት ቢያድር ግን 12 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ውሃው የፈላ መሆን የለበትም፣ ከረጢቱም ጨርቅ ተጠቅልሎበት ይገባል። ከዚህ ጋር የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ ባና ካለ ሌሊቱ ያለ ኤሌክትሪክ ያልፋል።

ማሞቂያ በርካታ በሆነበት ቤት የገመዱ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ባለ 1500 ዋቱ በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል። ሁለት ማሞቂያ በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ገመዱን ያግላል፤ ሦስት ማሞቂያ እየሠራ ባለ 3500 ዋት ምጣድ ሲጨመር ድምሩ 36 አምፔር ይሆናል፣ ይህም በብሬከሩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር መነጻጸር ይኖርበታል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ማሞቂያውን ማጥፋት ይገባል። የምግብ ማብሰያ ስቶቭን ወለል ላይ አስቀምጦ መሞቅ የተለመደ ቢሆንም ብርድ ልብስና የሕፃን እጅ በቀላሉ ይደርሱበታል። መብራት ሲጠፋም ስቶቩ ተሰክቶ ከቀረ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ሲመጣ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ስለ ከሰል ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ በየዓመቱ ሰው የሚሞትበት እርሱ ነውና። በሰሜን ሸዋ ደጋ የድንጋይ ግድግዳና የሣር ክዳን ባለው ቤት ምድጃ መሐል ቤት ይነዳል፣ ከብቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ክዳኑ እንደ ኮርኒስ አየር አስሮ ሙቀት ይይዛል፤ ጭሱን ግን ያሳልፋል። ያ ቤት ይተነፍሳል። ከዚያ የመጣ ሰው ያንኑ ልማድ ይዞ በሲሚንቶ በተለሰነ፣ በላሜራ በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ምድጃ ሲያስገባ ጋዙ መውጫ ያጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ስለሚጣበቅ ሰውነት በዝግታ ይታፈናል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይሞታል።

«ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» የሚለው እምነት ስሕተት ነው። ፍም ሆኖ የቀላውም፣ አመድ ለብሶ ሊጠፋ የተቃረበውም ጋዙን ያወጣል። አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥ አያድንም። የአራስ ቤት እንዲሞቅ ተብሎ መስኮት ተዘግቶ ከሰል የሚገባበት ልማድ እናትንም ሕፃንንም ለአደጋ ያጋልጣል። ለቡና የተቀጣጠለ ምድጃም ቡናው እንዳለቀ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መዛል በቤቱ ባሉ ሰዎች ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ ሲታይ በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያም በአዲስ አበባ ወደ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን 939 ወይም ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ያሻል። ሊያድን የሚገባ ሰው አስቀድሞ በርና መስኮት ካልከፈተ እርሱም ይወድቃል።

ይህ አደጋ ከላይ ከተመከረው ጋር መታሰብ አለበት፤ ቀዳዳው በጨርቅ የተደፈነ ክፍል ለኤሌክትሪክ ማሞቂያ መልካም ሲሆን ለከሰል ግን ገዳይ ነው። መስኮት ከፍቶ ከሰል ማንደድ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ውጭ መላክ ነው። ዋጋውም ቢሆን እንደሚገመተው አይረክስም። 1 ኪሎ ከሰል ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል፤ ነዋሪው የኤሌክትሪክ ሒሳቡን የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በ8 አባዝቶ ከሰፈሩ የኪሎ ከሰል ዋጋ ጋር ቢያነጻጽር የራሱን መልስ ያገኛል።

በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ማሞቂያም አየር ይፈልጋል፣ ክፍሉንም ያረጥባል። በአንዳንድ የቦሌ ቪላዎች የሚታየው ጭስ ማውጫ ያለው የግድግዳ ምድጃ ያማረ ቢሆንም አብዛኛው ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ከኤሌክትሪኩ በእውነት የሚቆጥበው ማሞቅም የሚችል ኤሲ ነው፤ ከውጭው አየር ሙቀት ስለሚሰበስብ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት እስከ 3 የሚደርስ ሙቀት ይሰጣል። መግዣው ግን ውድ ነው፣ ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችለውም በብዛት ስለሚሸጥ ገዢው አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

የራሱን ቤት ፍጆታ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አንድ ምሽት ማሞቂያውን ሳያበራ፣ በማግስቱ ደግሞ አብርቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ በ12 ሰዓትና በመኝታ ሰዓት ቆጣሪው የሚያሳየውን ቁጥር ይመዝግብ። በሁለቱ ምሽቶች ፍጆታ መካከል ያለው ልዩነት በ30 ሲባዛ ማሞቂያው በወር የሚጨምረውን ኪሎዋት ሰዓት ያሳያል፤ ያ ቁጥር በወሩ ፍጆታ ላይ ተደምሮ ቤተሰቡን ወደ የትኛው እርከን እንደሚያስገባው ሁለተኛውን ማሞቂያ ከመግዛት በፊት ማየት ይቻላል።