ደቻቱ የወሰዳቸው ልጆች፣ ከኋላ የቀሩት እናትና አባት



ድሬን የማያውቅ እንግዳ ደቻቱ «ወንዝ ነው» ሲባል ይገርመዋል። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነዋ! ከዚራን ከመጋላ በሚለየው በዚህ ደረቅ አሸዋ ላይ ሰው ይሻገራል፣ ይነግዳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሐምሌ 30 ቀን 1998፣ ከቅዳሜ ወደ እሁድ በሚያሸጋግረው ሌሊት ግን ከሐረርጌ ደጋ ተሰብስቦ የወረደው ጎርፍ ሰውን በእንቅልፉ አገኘው። ከ200 በላይ ነፍስ አለፈ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ፣ ብዙዎች ደብዛቸው ጠፋ። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናትም ነበሩ።

ስለዚያ ሌሊት ስናወራ የሟቾቹን ቁጥር፣ ድንኳኑን፣ በኋላ የተሠራውን የጎርፍ መከላከያ ግንብ እናነሳለን። ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ከለቅሶው በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደኖሩ ግን እምብዛም አንጠይቅም። በለቅሶው ሰሞን አፎሻው ይሰበሰባል፣ ቁርኣን ይቀራል፣ ከጎረቤት ምግብ ይመጣል። ከዚያ ሰው ይበተናል። እናት የልጇን ልብስ አውጥታ ታሸታለች። አባት ሥራ ቦታ ያመሻል። እሷ «እሱ ምን ገዶት» ትላለች። እሱ ደግሞ «ስሙን ባነሳባት ትሰበራለች» ብሎ ዝም ይላል። ጀናዛው ካልተገኘማ፣ ሰላተል ጋኢብ ተሰግዶም ቢሆን በር በተንኳኳ ቁጥር ልብ ይደነግጣል።

በዚህ ጊዜ ለማጽናናት የሚነገረው የኡሙ ሱለይምና የአቡ ጦልሐ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ልጃቸው ታሞ ነበር። አባት ከቤት በወጣበት ሞተ። እናት ለቤተሰቡ «እኔው ራሴ እስክነግረው እንዳትነግሩት» አለች። ማታ ሲመጣ እራት አቀረበችለት፣ ተዋበችለት፣ አብረው አደሩ። ከዚያ በኋላ «ሰዎች ያዋሱትን ዕቃ መልሱልን ቢሉ መከልከል ይቻላልን?» ብላ ጠየቀችው፤ አይቻልም ሲል የልጁን ሞት ነገረችው። ብዙ ተናጋሪ እዚህ ላይ ያቆማል፤ እናትየዋም ልቧ እንደ ድንጋይ የጸና ትመስላለች። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ግን ታሪኩ ይቀጥላል፦ አቡ ጦልሐ ተቆጣ። ለምን እስካሁን ደበቅሽኝ ብሎ ተከፋ፣ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዶም የሆነውን ነገራቸው። ነብዩ የእሱን ቁጣ አልነቀፉም፣ እሷንም አልወቀሱም፤ ለሁለቱም በዚያች ሌሊት በረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አደረጉ። ሁለት የተለያየ ሐዘን፣ አንድ ዱዓ። እኔ ከዚህ ታሪክ ይህን ክፍል መተዋችን ብዙ ባልና ሚስትን የጎዳ ይመስለኛል፤ የተቆጣው ኢማኑን፣ ያላለቀሰችው እናትነቷን ይጠራጠራሉና።

ነብዩ ራሳቸው ልጅ ቀብረዋል። ከኸዲጃ (ረ.ዐ) የወለዷቸው ወንዶች ልጆች በልጅነታቸው ሞቱ። በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ ደግሞ ከማሪያ (ረ.ዐ) የተወለደው ኢብራሂም ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሲያጣጥር ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ «እርስዎም?» ብሎ ሲደነቅ እንባው እዝነት መሆኑን ነገሩት። ነብዩላህ የዕቁብም ያማረ ሶብር ያለው ነብይ ሆኖ ሳለ ለዩሱፍ ከማዘኑ የተነሳ ዓይኖቹ ነጡ። ስለዚህ «ሙስሊም አያለቅስም፣ ጭንቀት የኢማን ድክመት ነው» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አይገባኝም።

በሐዘን መታመምንም ዑለሞቻችን ያውቁት ነበር። በ322 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት ኪታብ ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቀው ለይተዋል፤ ነፍስም እንደ አካል ታማለች፣ ትታከማለችም ብለዋል። ዛሬ እንቅልፍ አጥታ ወራት ያለፋትን እናት ወይም ከሰው የሸሸን አባት ወደ አእምሮ ሐኪም መውሰድ፣ በዱዓና በቁርኣን ላይ የሚታከል እንጂ የሚተካቸው አይደለም።

አንድ ጥንድ ልጨምር። በየደርሱ ቡሉጉል መራምን የምንቀራላቸው ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ባለቤታቸው ኡንስ ኻቱን ትባላለች፤ እሷም ሐዲስ ታስተምር ነበር። በ819 ዓመተ ሒጅራ ካይሮን ወረርሽኝ ሲመታት ጋሊያና ፋጢማ የተባሉ ሴት ልጆቻቸው ሞቱ። በ833 ወረርሽኙ ሲመለስ ትልቋን ዘይን ኻቱንን ወሰዳት። አባት ስለ ወረርሽኝ ትልቅ ኪታብ ጻፉ። ኡንስ ከባሏ በኋላም በሕይወት ቆየች።