ዳገቱ የመረጠው ስኪ

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ አፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት በሚሰናዱበት ጊዜ፣ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ከቆመ የድንጋይ ዙፋን አንድ የግሪክኛ ጽሑፍ ገለበጠ። ጽሑፉን ያስቀረጸው ስሙ የጠፋብን የአክሱም ንጉሥ ነው። ያስገበራቸውን አገሮች ሲዘረዝር ስሜን ላይ ይደርስና ተራራው የማይወጣ፣ ብርዱና አመዳዩ የማይለቅ፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚውጥ እንደሆነ ይናገራል። ንጉሥ ድሉን ሲያስመዘግብ ጥቂት ማጋነኑ አይቀርም፤ ያች የጉልበት ነገር ግን በእግሩ ከሄደ ወታደር አፍ የወጣች ትመስላለች። የሰው እግር ጠባብ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ልቅ በረዶ አይሸከመውም። ከእግር ሥር የሚታሰረው ረጅም ጠፍጣፋ እንጨት፣ ስኪ፣ የተፈጠረው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። ለጨዋታ ወይም ከተራራ ለመንሸራተት ታስቦ የተሠራ አልነበረም፤ ሰው እንዳይሰምጥ፣ መንገዱም እንዳይቋረጥ የተበጀ የመንገድ ዕቃ ነበር። ዛሬም ሰውን ሽቅብ የሚያወጣ ሊፍት በሌለበት፣ መንገድ ባልተጠረገበት ተራራ ለመጓዝ ስኪ የሚመርጥ ሰው ይህን ታሪክ ቢከተል አይሳሳትም እላለሁ፤ ዕቃውን በመጀመሪያ የሚመርጠው ዳገቱ ነው፣ ቁልቁለቱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ማስረጃው ራሱ እንጨቱ ነው። በሰሜን ሩሲያ፣ ቪስ በተባለ ረግረግ ውስጥ የተገኙት የስኪ ስብርባሪዎች 8 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ይሰጣቸዋል። በአንዱ ጫፍ ላይ ኤልክ የተባለው ትልቅ አጋዘን ራስ ተቀርጾበታል፤ ይህ ቅርጽ ከጌጥነቱ ሌላ ስኪው ወደኋላ እንዳይንሸራተት ያግድ እንደነበር ይገመታል። በስዊድን ካልቭትሬስክ እ.ኤ.አ. በ1924 የተገኘው ከ5 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው ስኪ ደግሞ አብሮት ጫፉ አካፋ የሚመስል ምርኩዝ ነበረው። በኖርዌይ ዲገርቫርደን ተራራ በረዶው ሲቀልጥ አንዱ በ2014፣ ጓደኛው በ2021 የወጡት ጥንድ ስኪዎች 1,300 ዓመት ያህል የቆዩ ናቸው፤ አንደኛው 187 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። እግር የሚያርፍበት ቦታ ከፍ ተደርጎ ተጠርቧል፣ የበርች ልጥና የቆዳ ጠፍር ማሰሪያ አለው፣ የጥገና ምልክትም ይታይበታል። ተጠግኖ ዳግመኛ መንገድ የወጣ ዕቃ የዘወትር መገልገያ መሆኑ አያጠራጥርም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን አፍ አውጥቶ የሚናገረው የስካንዲኔቪያ ገበሬ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ሲጠቀምበት የቆየው አቻ የሌለው ጥንድ ነው። አንደኛው ስኪ ረጅምና ልሙጥ ነበር፣ አንዳንዴም 3 ሜትር ይደርስ ነበር፤ ሌላው አጭርና ከሥሩ ጠጉራም ቆዳ የተለበጠ። ሰውየው በአጭሩ መሬቱን ይገፋል፣ በረጅሙ ይንሸራተታል። በአልታይ ተራሮች ደግሞ ሁለቱም ስኪዎች ከሥራቸው የፈረስ ቆዳ ይለብሳሉ። ጠጉሩ ወደፊት ሲገፉት ይተኛል፣ ወደኋላ ሊንሸራተት ሲል ይቆምና በረዶውን ይነክሳል። ዛሬ የተራራ ተጓዥ ከስኪው ሆድ ላይ ለጥፎ የሚወጣው፣ ጫፍ ሲደርስ ልጦ ደረቱ ውስጥ የሚከተው ከአንጎራ ፍየል ጠጉር ወይም ከናይለን የተሠራ ጨርቅ ያው የአልታዩ ቆዳ ነው። ሺህ ዓመታት ስለ ቁልቁለት ብዙ ሳይጨነቁ ስለ ዳገት እንዲህ ተጨንቀዋል።

ቁልቁለቱ ትኩረት ያገኘው ዘግይቶ ነው። በኖርዌይ የቴሌማርኩ ሶንድሬ ኖርሃይም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተረከዝን የሚያቅፍ የተጠማዘዘ የቀጭን እንጨት ማሰሪያና ወገቡ ቀጠን ያለ ስኪ ይዞ መጣ፤ መዞር ቀለለ። ኖርዌያዊው ፍሪድዮፍ ናንሰን በ1888 ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ግሪንላንድን በስኪ ካቋረጠ በኋላ የጻፈው መጽሐፍ አውሮፓን አነቃቃ። ካነበቡት አንዱ፣ በኦስትሪያ ሊልየንፌልድ የተቀመጠው ማቲያስ ዝዳርስኪ፣ ከኖርዌይ ስኪ አስመጥቶ ቢሞክረው በአልፕስ ገደል ላይ አልታዘዝ አለው። ስለዚህ አሳጠረው፣ የብረት ማሰሪያም ሠራለት። የኖርዌይ ሰዎች ተቆጡ፣ ክርክሩም ዓመታት ወሰደ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገን ትክክል ነበር፤ አንዱ የሚናገረው ስለ ረጅም ሜዳና ጉብታ፣ ሌላው ስለ ቀጥ ያለ ተራራ ነው። የሳቱት የአንዱ አገር ስኪ ለሁሉም አገር ይሆናል ብለው የሚከራከሩት ናቸው።

ከዚያ ሊፍት መጣ። በ1936 አሜሪካ ውስጥ ሰን ቫሊ ላይ የወንበር ሊፍት ሲተከል ሰው ሳይለፋ ተራራ አናት ላይ መገኘት ጀመረ፤ ስኪም ከመንገድ ዕቃነት ወደ መውረጃ ዕቃነት ተዛወረ። ከበደ፣ ተረከዙም ተቆለፈ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ የሚታየው አብዛኛው ስኪ የዚህ ዘመን ልጅ ነው፤ ለተራራ ጉዞ የሚገዛ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁልቁለት እያየ ይገዛል። በተራራ ጉዞ ግን የቀኑ አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው ሲወጣ ነው። አያቶቻችን ይህን በእንስሳ ያውቁት ነበር፤ ለአቃቂ ሜዳ ፈረስ፣ ለሊማሊሞ በቅሎ። ፈረስ ሜዳ ላይ ያማረ ቢሆንም ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ በቅሎዋን ያስመኛል።

የስኪው በቅሎ ምን ዓይነት ነው? አንዱ እግር የሚሸከመው ስኪ ከ1.1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ቢሆን ይመረጣል፤ የሊፍቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ 2 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። የግማሽ ኪሎ ልዩነት በእጅ ሲመዘን ምንም አይደለም፤ እግር ላይ ሆኖ በሺዎች በሚቆጠር እርምጃ ሲባዛ ግን ቀኑን ይበላል። እግር ላይ የታሰረ ክብደት ጀርባ ላይ ከታዘለው በርካታ እጥፍ ጉልበት እንደሚጨርስ በሰልፍ የሚሄድ ወታደር ሁሉ ያውቃል። ከጫማ ሥር ያለው ስፋት ከ85 እስከ 95 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለልቅ በረዶም ለጠጣርም ይበቃል። ሰፊው በአዲስ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን ጠንካራ ተዳፋት በጎን ሲያቋርጡ ቁርጭምጭሚትን ያደክማል። ማሰሪያውንም የለወጠው ዳገት ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪትዝ ባርቴል ከባድ ዕቃ ይዞ ሞን ብላን በመውጣት ከተቸገረ በኋላ በ1980ዎቹ የጫማውን አፍንጫ በሁለት ትንንሽ የብረት እሾሆች ብቻ የሚይዝ ማሰሪያ ፈጠረ። ሲወጡ ተረከዝ ይለቀቃል፣ ሲወርዱ ይቆለፋል፤ ዛሬ በየተራራው የሚታየው ይኸው ነው።

የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ሰው የሚሞተው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው፤ እጅግ የቀለለ ስኪ በተጋገረ በረዶ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የደከመ እግር ሊገዛው አይችልም ይባላል። ስለ መንቀጥቀጡ የተባለው እውነት ነው፤ ስለዚህም 1 ኪሎ የማይሞላውን የውድድር ስኪ ለጀማሪ የሚመክር ሰው ጥፋተኛ ነው። ነገር ግን እግሩን ያደከመው ምንድን ነው? ከባዱን ዕቃ ተሸክሞ ጫፍ የደረሰ ሰው ቁልቁለቱን የሚጀምረው በተዝለፈለፈ ጉልበት ነው፤ ጉልበት የሌለው ሰው ጥሩ የመውረጃ ስኪ ይዞም ይወድቃል። የበረዶ ናዳን በተመለከተ ደግሞ ማንኛውም ስኪ አያድንም። የሚያድነው የዕለቱን የናዳ ማስጠንቀቂያ ማንበብ፣ ተዳፋቱን መመርመር፣ የምልክት ማሠራጫ፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ የያዘ ጓደኛ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከእኛው ሰፈር ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባው ቱሉ ዲምቱ ሰው ምኑ ነው? እዚህ ያለው ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ወደ አዳማ የሚነዳበት የፍጥነት መንገድ መነሻና የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ነው። ስመ ሞክሼው የባሌው ቱሉ ዲምቱ እንኳ 4,377 ሜትር ከፍ ብሎ ስኪ የሚሸከም በረዶ አያቆይም። መልሱ ግን አስፋልቱ ላይ አለ። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አሜሪካ አድጎ ስኪ የተማረ ሰው ነው። በ2006 በቶሪኖ ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ሲሰለፍ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በ2010 በቫንኩቨርም ደገመው። አዲስ አበባ ላይ በረዶ ስላልነበረ ልምምዱ ባለ ጎማ ስኪ ላይ ነበር። በቶሪኖ የተወዳደረበት ክላሲክ የሚባለው ስልት ነው፤ ለዚህ ስልት የሚሠራ ባለ ጎማ ስኪ ጎማው ወደፊት ብቻ እንዲሽከረከር የሚያደርግ መቆለፊያ አለው። ወደኋላ ሊሄድ ሲል ይያዛል። ፍሬን ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። በረዶው ቀርቶ፣ እንጨቱ ቀርቶ፣ አስፋልት ላይ በጎማ ሲኬድ እንኳ ሠሪው ያልተወው ነገር የአልታዩን ጠጉር ሥራ ነው።

ዛሬ በዴንቨር፣ በካልጋሪ፣ በኦስሎና በስቶክሆልም ብዙ ኢትዮጵያውያን ተራራና በረዶ አጠገብ ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ተራራ መውጣት ይፈልጋሉ። እነሱን የምመክረው ገንዘባቸውን መጀመሪያ ጫማው ላይ እንዲያውሉ፣ ስኪውን ግን ለአንድ ወቅት ተከራይተው እንዲሞክሩ ነው፤ ቁመቱ ከአገጭ እስከ ግንባር ባለው መካከል ቢሆን ለመጀመሪያ ይመቻል። ወደ ውድድር ለሚያስቡ ደግሞ የተራራ ስኪ አለ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2021 ለሚላኖ ኮርቲና 2026 ጨዋታዎች ያጸደቀው ይህ ስፖርት ተወዳዳሪውን በስኪ ያስወጣዋል፣ ስኪውን ጀርባው ላይ አሳዝሎ በእግሩ ያስሮጠዋል፣ ከዚያ ያስወርደዋል። ከሰዓቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው መውጣቱ ነው። ኢትዮጵያ ወደ ክረምት ጨዋታዎች የምትመለስ ከሆነ የአገሪቱ የስኪ ፌዴሬሽን ሊፍትና የመውረጃ ሜዳ ከሚጠይቀው ስፖርት ይልቅ ሳንባና ጽናት የሚጠይቀውን ይህንን ቢያስቀድም ይሻላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ተወልዶ ያደገ ወጣት አቃቂ ቃሊቲም ውስጥ ሞልቷል።