አፕልና ባሕር ዛፍ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ የማሳውን ሰብል ይመታል። ለአፕል (ፖም የምንለውም አለን) ግን ብርዱ ሲሳይ ነው፤ ሳይበርደው በደንብ አያብብም።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ደጋውን ወረሰ። አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን እጅ ጨንቻ ደረሰ፤ ሰሜን ሸዋ የመጣው ዘግይቶ ነው። ለነገሩ መዘግየቱ አይደንቅም። የአውሮፓው ዝርያ ከ7 ዲግሪ በታች እስከ 1,000 ሰዓት ብርድ ይሻል። በእስራኤል ለተዳቀለው አናና በባሃማስ ለተገኘው ዶርሴት ጎልደን ግን ከ300 ሰዓት ያልበለጠ ይበቃቸዋል። የፍራፍሬ ተመራማሪው ድካም እንዲህ ያለውን ለይቶ ማወቅ ነው። አና ለብቻዋ ከተተከለች ፍሬዋ እምብዛም ነው፤ ዶርሴት አጠገቧ መቆም፣ ንብም መመላለስ አለበት።

ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ አንድ አዛውንት ጓሮ አፕል አየሁ።

«አባቴ፣ ፍሬው እንዴት ነው?»

«ልጄ፣ አበባውማ ሙሽራ ነው። ፍሬ ግን የለም።»

የተከሉት አንዲት ዛፍ ነው። ችግኙን የሸጠላቸው ሰው ጥንድ እንደሚያስፈልግ አልነገራቸውም። መቼም ዕውቀቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከልም ዩኒቨርሲቲም ያለባት፣ ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር የምትርቅ ከተማ ናት። እኔ እንደሚመስለኝ፣ አንድ ፕሮፌሰር ባሳተመው ጥናት ብዛት ሲመዘን የገበሬ ጓሮ ውስጥ የዋለበት ቀንም አብሮ መቆጠር ነበረበት።

አንድ የዶርሴት ቅርንጫፍ እዚያው ዛፍ ላይ ቢከተብ እንኳ ነገሩ ይቃና ነበር። አዛውንቱ ግን፣ «ዘንድሮ ካላፈራ ቆርጬ ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ» ብለውኛል።