«የጥጃ አፍንጫ»፦ የአንድ የጉልበት ነጥብ ታሪክ

ጉልበቱን ያጠፈ ሰው ከጉልበቱ ሎሚ በታች፣ ከጅማቱ ግራና ቀኝ ሁለት ጎድጓዳ ሥፍራዎች ይታዩበታል። የጥንት ቻይናውያን ሐኪሞች እነዚህ የጥጃ አፍንጫ ቀዳዳዎችን ስለመሰሏቸው በውጪ በኩል ያለውን «ዱቢ»፣ ማለትም «የጥጃ አፍንጫ» ብለው ሰየሙት። ነጥቡ እስከ ዛሬ በአኩፓንክቸር (በመርፌ ሕክምና) ለጉልበት ሕመም ከሚመረጡት አንዱ ነው።

ዱቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደተጠናቀረ በሚገመተው «የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የውስጥ መጽሐፍ» ውስጥ ተጠቅሷል። ይኸው መጽሐፍ ጉልበት በመርፌ ተወግቶ ፈሳሽ ከወጣ በሽተኛው አንካሳ እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። ስለ ጀርም ምንም በማይታወቅበት ዘመን መገጣጠሚያን መብሳት አደገኛ መሆኑ በልምድ ተደርሶበት ነበር ማለት ነው። በኋላም ሁዋንግፉ ሚ (እ.ኤ.አ. 215–282) 349 ነጥቦችን በአንድ መጽሐፍ ሲዘረዝር ዱቢንም ከነሥፍራው አስፍሮታል።

እ.ኤ.አ. በ1027 ዋንግ ዌይዪ የተባለ የቤተ መንግሥት ሐኪም ነጥቦቹ በቀዳዳ የተመለከቱባቸውን ሁለት የነሐስ ሰዎች አሠራ። ለፈተና ሐውልቱ በሰም ተለብጦ ውስጡ ውኃ ይሞላ እንደነበር ይነገራል። ተማሪው ነጥቡን ካገኘ ውኃው ይፈስሳል፤ ከሳተ መርፌው አይገባም። የትምህርቱ መሠረት ሥፍራን በትክክል ማወቅ ነበር።

ይህ እምነት በዘመናችን በጥናት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነ የጀርመን ጥናት 1,007 የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ሕሙማን በሦስት ቡድን ተመደቡ። ከ26 ሳምንታት በኋላ በባሕላዊው ነጥብ ከተወጉት 53 በመቶ፣ ነጥብ ባልሆነ ሥፍራ በስሱ ከተወጉት 51 በመቶ፣ በመደበኛ ሕክምና ከቆዩት ደግሞ 29 በመቶ ያህሉ የሚፈለገውን መሻሻል አሳዩ። መርፌ ያልተወጉትም ሐኪም ዘንድ በእኩል ቁጥር ተመላልሰዋል። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው የነጥቡ ትክክለኛነት ሳይሆን፣ በአብዛኛው የሕሙማኑ ተስፋና የሕክምናው ሥርዓት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያ በ282 ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናትም መርፌው ከማስመሰያው የላቀ ጥቅም እንዳልነበረው አሳይቷል።

ታዲያ የጥንቶቹ ሐኪሞች ድካም ከንቱ ነበር ማለት ነውን? አይደለም። የሰውነትን ቅርጽ በትክክል አይተዋል፤ የዛሬው የአጥንት ቀዶ ሐኪም በመሣሪያ ወደ ጉልበት ውስጥ ሲመለከት የሚገባው በዚያው ጎድጓዳ ሥፍራ አጠገብ ነው። የተፈተነውና ያልጸናው ስለ ነጥቡ የመፈወስ ኃይል የተሰጠው ማብራሪያ ነው።

እኛም ስለ መርፌ የሚጠይቀንን በሽተኛ ሳናቃልል እውነቱን ልንነግረው፣ የተመሰከረላቸውን እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ልንመክረው ይገባል። ጉልበቱ በድንገት ያበጠና የሚያተኩስ ከሆነ ግን፣ ጥንታዊውን ማስጠንቀቂያ አስታውሰን፣ የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን አለመሆኑን ሳናረጋግጥ ልናሰናብተው አይገባም።