ከመጻሕፍት የተገነባው ሸለቆ

ያልነበረ አገርን በቃላት የሚገነባ ደራሲ ሥራ ከመሐንዲስ ሙያ እጅግ የራቀ መስሎ ይታያል። መሐንዲሱ የድንጋይን ክብደትና የውሃን አወራረድ ሊያታልል አይችልም፤ ደራሲው ግን ተራራን ከሥሩ ነቅሎ ሌላ ቦታ ቢተክለው ከልካይ የለበትም። ይሁን እንጂ ዘመን ተሻግረው የሚነበቡ የምናብ ዓለሞች በጥሞና ሲመረመሩ የራሳቸው ሕግና ሥርዓት ያላቸው ሆነው ይገኛሉ። ከእነዚህም አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን መቼት አድርጎ የጻፈው «ራሴላስ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ያወቃት በመጻሕፍት ነው። ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ጄሮኒሞ ሎቦ የጻፈው የጉዞ ታሪክ በ1728 በፈረንሳይኛ ታትሞ ነበር። ጆንሰን ይህንኑ የፈረንሳይኛ ትርጉም አሳጥሮ ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና በ1735፣ በ25 ዓመት ዕድሜው፣ ታተመለት፤ የመጀመሪያ መጽሐፉም ይኸው ሆነ። በመቅድሙ ላይ ሎቦን የሚያመሰግነው ያየውን እንዳየው በመጻፉና በሩቅ አገር ስም ተአምር ባለመፈልሰፉ ነው። ይህ ምስጋና ደራሲው ራሱ በኋላ የሚከተለውን መንገድ አስቀድሞ የሚያመለክት ነው።

በጃንዋሪ 1759 የጆንሰን እናት ሞተች። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ጄምስ ቦዝዌል እንደሚያስረዳው፣ ጆንሰን የቀብሯን ወጪና የተወችውን ጥቂት ዕዳ ለመክፈል ሲል «ራሴላስ»ን በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጽፎ ጨረሰ። መጽሐፉም በኤፕሪል ታተመ። ሐዘንና ችግር ያጣደፈው ደራሲ በወጣትነቱ በትርጉም ወደ ተዋወቃት አገር ተመለሰ።

የባለ ታሪኩ ልዑል ስም የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም እንደመጣ ይታመናል። የታሪኩም መነሻ መሠረት የሌለው አይደለም። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለዙፋን የሚበቁ ወንድ ዘመዶቻቸውን በአምባ ግሸን ያስጠብቁ እንደነበር በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጭምር ጽፎታል። ጆንሰን ግን አምባውን ገለበጠው፤ ከተራራ አናት ላይ የነበረውን የልዑላን መጠበቂያ በአማራ ምድር በተራሮች ወደ ተከበበ ሸለቆ አወረደው።

ከዚህ በኋላ ሸለቆውን የሚገነባው እንደ መሐንዲስ ነው። ከተራሮቹ የሚወርዱት ጅረቶች መኻል ላይ ሐይቅ ይሠራሉ፤ የሐይቁ ትርፍ ውሃ በሰሜን በኩል ባለ የተራራ ስንጥቅ ይወጣል። ቤተ መንግሥቱ ከሐይቁ ወለል 30 ርምጃ ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። መግቢያው ከአለት ሥር ያለ ዋሻ ሲሆን፣ ከባዱ የብረት በር ያለ መሣሪያ ርዳታ አይከፈትም። በዚህ ዓለም ለሚገባው ውሃ መውጫ አለው፤ ለበሩም ክብደት ተሰጥቶታል።

በሸለቆው ውስጥ አንድ የመካኒክ ሊቅ ይኖራል። ጅረት በሚያዞረው መንኰራኵር ውሃን ወደ ማማ አውጥቶ ለቤተ መንግሥቱ ክፍሎች አከፋፍሏል። ከሸለቆው ለመውጣት የናፈቀው ራሴላስ ባነጋገረው ጊዜ፣ በሌሊት ወፍ ክንፍ አምሳል ክንፍ ሠርቶ መብረር እንደሚቻል ይነግረዋል፤ ነገር ግን ጥበቡ ለሌላ ሰው እንዳይገለጥ ቃል ያስገባዋል። ምክንያቱን ሲጠየቅም፣ ሰው ሁሉ ቅን ቢሆን ኖሮ መብረርን ለሁሉም ባስተማረ እንደነበር፣ ክፉዎች ከሰማይ መውረድ ከቻሉ ግን ግንብም ሆነ ተራራ ወይም ባሕር ደጎችን እንደማያድን፣ የልዑላኑ ሸለቆ ራሱ ሊደፈር እንደሚችል ያስረዳል።

ሊቁ ከአንድ ዓመት ድካም በኋላ ክንፉን ታጥቆ ከአፋፍ ሲዘል ወዲያው ከሐይቁ ውስጥ ወደቀ። በአየር ላይ ያልጠቀመው ክንፍ በውሃ ላይ አንሳፈፈውና ልዑሉ በድንጋጤ ሊሞት የደረሰውን ሰው ጎትቶ አወጣው። ራሴላስ በመጨረሻ ያመለጠው ከባለ ቅኔው ከኢምላክ ጋር ተራራውን በመፈልፈል ነው፤ ሐሳቡንም ያገኙት ዝናብ ያባረራቸው ጥንቸሎች ወደ ላይ አዘንብለው ከቆፈሩት ጉድጓድ ነው። ደራሲው ልዑሉን በአንድ ዐረፍተ ነገር አብርሮ ሊያወጣው ይችል ነበር። ነገር ግን ራሱ ላቆመው ሸለቆ ሕግ ተገዛ።

መጽሐፉ ከታተመ ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1783፣ ሰዎች በፓሪስ በባሉን ወደ ሰማይ ወጡ። በ1903 ባለ ሞተር አውሮፕላን በረረ። በ1911 አንድ የኢጣሊያ አብራሪ በሊቢያ ከአውሮፕላን ቦምብ ጣለ። ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ደግሞ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ደሴም አምባ ግሸን በሚገኝበት በወሎ ያለች ከተማ ናት። በዚያው ጦርነት ከአየር የወረደው የሰናፍጭ ጋዝ ወታደሩንና ገበሬውን ሳይለይ ፈጀ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ ለመንግሥታቱ ማኅበር ያሰሙት አቤቱታ ስለዚሁ ጭምር ነበር። ጆንሰን ከ176 ዓመት በፊት በልብ ወለድ አፍ ያናገረው ሥጋት፣ ታሪኩን በመሠረተበት ምድር በእውን ደረሰ።

ይህን እንደ ትንቢት መቁጠር አያስፈልግም። ጆንሰን ያደረገው አንድን መሣሪያ በሐሳቡ ከሠራ በኋላ፣ በማን እጅ እንደሚገባና በማን ላይ እንደሚወድቅ እስከ መጨረሻው ማሰብ ነው። የሸለቆው ሊቅ ስለ አየር ያሰላው ሁሉ ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ ስለ ሰው ያሰላው ግን አልተሳሳተም።

ከነጻነት በኋላ አቶ ሲራክ ኅሩይ መጽሐፉን ወደ አማርኛ መልሰውታል። በዚህም ከአገሪቱ ታሪክ የተቀዳው ምናብ ወደ አገሪቱ ቋንቋ ተመለሰ። የአማርኛው አንባቢ ይህን ምዕራፍ ሲያገኝ የደሴን ጢስ ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። ግድብን፣ መንገድን ወይም ማሽንን በወረቀት ላይ የሚነድፍ ባለሙያም ከጆንሰን ሸለቆ የሚማረው ነገር አለ። ንድፉ ጭነቱን መቻሉ ከተረጋገጠ በኋላ ገና የሚቀር ስሌት አለ፤ እርሱም ሥራው በሰው ኑሮ ላይ የሚያደርሰው ነው። ይህንንም ለማስላት ከቀመር ሌላ ምናብ ያስፈልጋል።