ቱንዴ ኬላኒ

ቱንዴ ኬላኒ (ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. ተወለደ) ናይጄሪያዊ የፊልም ዳይሬክተር፣ ፕሮዲውሰርና የካሜራ ባለሙያ ነው። የዮሩባን ሕዝብ ቋንቋ፣ ተረትና ልማድ መሠረት አድርጎ ስለ ሥልጣን ብልግና፣ ስለ ሴቶች ክብርና ስለ ሕሙማን መገለል በሚያነሱ ፊልሞቹ ይታወቃል።

የመጀመሪያ ሕይወት

በሌጎስ ተወልዶ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ በአቤኦኩታ ከተማ በአያቱ ቤት አደገ። በምዕራብ ናይጄሪያ ቴሌቪዥን በካሜራ ሠልጣኝነት ሥራ ጀመረ፤ በኋላም ለንደን ሄዶ የፊልም ሥራ ተማረ። ወደ አገሩ ተመልሶ በሌሎች ዳይሬክተሮች ፊልሞች ላይ ካሜራ ሲያነሳ ከቆየ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሜይንፍሬም የተባለውን የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

ሥልጣንና ሙስና

«ቲ ኦሉዋ ኒ ኢሌ» (1993) የአባቶችን መሬት ለነዳጅ ማደያ የሸጠ ባላባት የሚገጥመውን ያሳያል። በአኪንውሚ ኢሾላ ድርሰት የተሠራው «ሳዎሮይዴ» (1999) በይበልጥ የሚታወቅ ሥራው ነው። ጆግቦ በተባለች ምናባዊ ከተማ ንጉሥ የሚሆን ሰው ቃለ መሐላ መፈጸም አለበት። ያልማለ ሰው ዘውዱን ደፍቶ ሳለ የነሐስ ቃጭል ያለው ከበሮ ከተመታ ይሞታል። ላፒቴ የተባለው ንጉሥ ግን በሥልጣኑ ለመበልጸግ ሲል መሐላውን ይሸሻል፤ ከደን ቆራጮችም ጉቦ ይቀበላል። በመጨረሻ አንድ ወታደር ዙፋኑን ይነጥቀዋል። ፊልሙ የወጣው ናይጄሪያ ከወታደራዊ አገዛዝ ወደ ሲቪል መንግሥት በተመለሰችበት ዓመት በመሆኑ፣ ተመልካች ታሪኩን ከአገሩ ፖለቲካ ጋር ማገናኘቱ አልቀረም። ተከታዩ «አጎጎ ኤዎ» በ2002 ወጣ።

ሴቶች፣ ትዳርና ጤና

«ተንደርቦልት፦ ማጉን» (2001) በዮሩባ ባልና በኢግቦ ሚስቱ መካከል የተፈጠረ ጥርጣሬን ይተርካል፤ በብሔር መካከል ያለውን አለመተማመንና የባህላዊና የዘመናዊ ሕክምናን ክርክር አብሮ ያነሳል። «ዘ ናሮው ፓዝ» (2006) ከሠርጓ በፊት የተደፈረች ልጃገረድ በድንግልና ላይ በተመሠረተው የክብር ልማድ የሚደርስባትን ያሳያል።

«ዳዝሊንግ ሚራዥ» (2014) ሲክል ሴል የተባለ የደም ሕመም ስላለባት ወጣት ይተርካል። ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ናይጄሪያ በዚህ ሕመም እጅግ ከተጠቁ አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ብዙ እጮኛሞች ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራ ያደርጋሉ። ፊልሙ ሕሙማን በፍቅርና በትዳር የሚገጥማቸውን መገለል ይሞግታል።

ሥነ ጽሑፍና ተመልካች

ኬላኒ ብዙ ፊልሞቹን የሠራው ከናይጄሪያውያን ደራስያን መጻሕፍት ነው። «ኦ ሌ ኩ» ከኢሾላ ልብ ወለድ፣ «ማአሚ» ደግሞ ከፌሚ ኦሾፊሳን ድርሰት የተወሰዱ ናቸው። ሲኒማ ቤት በሌለበት አካባቢ ለሚኖር ሕዝብም ፊልሞቹን በተንቀሳቃሽ ሲኒማ አሳይቷል። በ2021 የወጣው «አዪንላ» በአቤኦኩታ በጠብ መካከል በ1980 ስለተገደለው የአፓላ ሙዚቀኛ አዪንላ ኦሞውራ ነው።