አንድ ጀግና፥ ሁለት ባለመብት

በቅዳሜ ገበያ አንድ ሕፃን የሸረሪት ድር የተሣለበት ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ከእናቱ ኋላ ሲሮጥ አየነውና «ይህ ሰው የማን ነው?» ብለን ጠየቅነው። «የኔ ነው፤ እናቴ ገዛችልኝ» አለን። መልሱ ቢያስቀንም ነገሩን ስንመረምረው፥ ይህንኑ ጥያቄ ለመፍታት ትልልቅ ኩባንያዎች በፍርድ ቤት ብዙ ዓመት ተካሰዋል። ስለዚህ ታሪኩን በአጭሩ ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድን። ዘመኑን የምንጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስፓይደርማን የተባለውን ጀግና በ1962 ዓ.ም. ስታን ሊ በድርሰት፥ ስቲቭ ዲትኮ በሥዕል ለአሜሪካው ማርቭል ኩባንያ አወጡት። ሁለቱም በክፍያ ይሠሩ ስለ ነበር ጀግናው የኩባንያው ንብረት ሆነ። ከዚያ አስቀድሞ በ1938 ዓ.ም. ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ ወጣቶች ሱፐርማንን ያህል ጀግና በ130 ዶላር ሸጠውታል።

የላስታ አያቶቻችን ስለ ጥንቱ መሬት ሲያወሩ ርስትንና ጉልትን ይለያሉ። ባለርስቱ መሬቱ የዘሩ ነው፤ ባለጉልቱ ግን ግብሩን ይበላል። ሥርዓቱ በ1975 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ቀርቷል፤ ሆኖም ለሲኒማው ነገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ማርቭል ርስቱን ይዞ፥ በጀግኖቹ ፊልም የመሥራትን መብት ለየስቱዲዮው አደለ። ስፓይደርማንን በ1985 ዓ.ም. ካነን ለተባለ ኩባንያ በ225,000 ዶላር ሰጠ፤ ኤክስ ሜንን በኋላ ለፎክስ ሰጠ። በ1996 ዓ.ም. ማርቭል ራሱ ከሰረ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1999 ዓ.ም. የስፓይደርማን ፊልም መብት ለሶኒ ሆነ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የሶኒ ፊልም ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

በእንዲህ ያለው ውል ውስጥ አንድ ብርቱ አንቀጽ አለ፤ ይኸውም ስቱዲዮው በተወሰነው ጊዜ ፊልም ካልሠራ መብቱ ተመላሽ ይሆናል ማለት ነው። መሬቱን ጦም ያሳደረ ይነቀላል እንደ ማለት ነው። ኮንስታንቲን የተባለው የጀርመን ኩባንያ የፋንታስቲክ ፎር መብቱ ሊያልፍበት ሲል፥ በ1992 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ በጥድፊያ ፊልም ማንሣት ጀመረ። ፊልሙ ተሠርቶ አለቀ፤ ነገር ግን በሲኒማ ቤት ለሕዝብ አልቀረበም። ማሳውን ጫር ጫር አድርጎ «አርሻለሁ» የሚል ገበሬ ትዝ አለን።

ክዊክሲልቨር የሚባለው ሯጭ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በፎክስ ፊልም፥ በ2015 ዓ.ም. በማርቭል ፊልም፥ በሁለት ልዩ ልዩ ተዋንያን ታየ። በማርቭል ቤት ሞተ፤ በፎክስ ቤት ግን በሚቀጥለው ዓመትም ይሮጥ ነበር።

ማርቭልን ዲስኒ በ2009 ዓ.ም. በአራት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ሶኒና ማርቭል እንደ እኩል አራሾች ተስማሙ፤ ሶኒ ገንዘቡን አውጥቶ ፊልሙን ያከፋፍላል፥ ማርቭል ይሠራል፥ ጀግናውም በማርቭል ፊልሞች ውስጥ ከሌሎቹ ጋራ ይታያል። በነሐሴ 2019 ዓ.ም. በድርሻ ተጣሉ። መስከረም 27 ቀን፥ እኛ ደመራ በምንደምርበት ዕለት፥ መታረቃቸው ተነገረ፤ እንደ ጋዜጦች ዘገባ ዲስኒ ከወጪውም ከትርፉም ሩብ ደርሶታል። በዚያው ዓመት ዲስኒ አብዛኛውን የፎክስን ንብረት በ71 ቢሊዮን ዶላር ስለ ገዛ፥ ኤክስ ሜንም ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ይህን ስናነብ ቅዱስ ጊዮርጊስን አሰብን። ኢትዮጵያዊውም ግሪኩም እንግሊዙም ይሥለዋል፤ ውል የተዋዋለበት የለም። ይሁን እንጂ በከተማችን እንደሚተረከው፥ «ለእኔ ቤት ሳትሠራልኝ» ብሎ ንጉሥ ላሊበላን በፈረስ መጥቶ ወቅሶታል፤ የፈረሱ ኮቴ ነው የሚባለውም በቤተ ጊዮርጊስ ይታያል። ድርሻውን ራሱ የጠየቀ ጀግና እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ዲትኮ በ2018 ዓ.ም. ሞተ፤ የወራሾቹ ክርክር ከማርቭል ጋራ በስምምነት ያለቀው በ2023 ዓ.ም. ነው። እርሱ በሞተበት ዓመት ጀምበር የተባለው ኢትዮጵያዊ ጀግና በበሰራት ደበበ ደራሲነት ከኢታን ኮሚክስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጣ። በአገራችን የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996፥ በእኛ አቆጣጠር የወጣው፥ ለአንድ ደራሲ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል። ከመካከላችን በደብተሩ ጀርባ ጀግና የሚሥል አንድ ጓደኛ አለን፤ ይህን ካነበብንለት ወዲህ ከየሥዕሉ ግርጌ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል።